የማይታየው ቁስ ጭስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ የደወሉ አድማጭ፦ ጥቁር ቁስ፣ ማለትም ዳርክ ማተር፣ ብርሃን አያወጣም ትላላችሁ። ታዲያ በጋማ ጨረር የምትፈልጉት ምኑን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ያዙኝ። ጥቁር ቁስ በስበቱ ብቻ የምናውቀው የማይታይ ነገር ነው፤ ራሱ አያበራም። ግን ጥቁር ቁስ ከባድ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ይጠፋፋሉ የሚል ግምት አለ። ሲጠፋፉ ሌሎች ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፣ ከእነሱም ጋማ ጨረር፣ ማለትም ዓይናችን የማያየው ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን፣ ይወጣል። እሳቱ አይታይም፤ የምንፈልገው ጭሱን ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ግን ጭስም የለም።

ከአዲስ አበባ የደወለ ተማሪ፦ ጥቁር ቁስ ጋላክሲያችን መሃል ላይ ተገኝቷል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የተገኘው ጨረሩ ነው፤ ከምን እንደመጣ ግን እስካሁን ያከራክራል። ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2008 እ.ኤ.አ. መጠቀ። በዓመቱ መረጃውን ያዩ ተመራማሪዎች ከመሃል የሚመጣው ጋማ ጨረር ከተጠበቀው በላይ ሆኖ አገኙት። የአንዱ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ጉልበት ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

ችግሩ ሰፈሩ ነው። መርካቶ መሃል ቆመህ የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለይ እንደማለት ነው። እዚያ በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚሽከረከሩ የሞቱ ኮከቦች፣ ፑልሳሮች፣ ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱም ተመሳሳይ ጨረር ያወጣሉ። አንድ በአንድ ለመለየት ደግሞ በጣም ደካማ ናቸው።

ስለዚህ ጸጥ ያለ ሰፈር ፈለግን። እንደ ድራኮ ያሉ ድንክ ጋላክሲዎች ጋዝ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሌላ ጋማ ጨረር የሚያወጣ ነገር እምብዛም የለባቸውም፤ ጥቁር ቁስ ግን ሞልቷቸዋል። ፌርሚ ለዓመታት ቢያያቸውም እርግጠኛ የሚያደርግ ምልክት አልሰጡም። እኔን ብትጠይቀኝ፣ በመሃሉ ጨረር ላይ ደሞዜን አላስይዝም።

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ አፍሪካስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ናሚቢያ ውስጥ። ኤች.ኢ.ኤስ.ኤስ. ይባላል። ጋማ ጨረር ምድር አይደርስም፣ አየሩ ያስቀረዋል። ሲመታው ግን የቅንጣቶች ዶፍ ይፈጠርና ለጥቂት ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። አራት ባለ 12 ሜትር መስታወቶችና ከ2012 ጀምሮ አንድ ባለ 28 ሜትር ይህን ብልጭታ ይጠብቃሉ። የጋላክሲው መሃል እዚያ ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ቦታ ያልፋል።

እኛም አገር ይታያል። ግንቦት ላይ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ደመና ከሌለ ወደ ደቡብ ይመልከቱ። ዐቅራብ የሚባሉት፣ የጊንጥ ቅርጽ ያላቸው ኮከቦች ጅራት አጠገብ ነው።