ሕፃናትን መርፌ ስንወጋ፦ ለደም መልስ የታሰበ መድኃኒት ደም ቅዳ ውስጥ ሲገባ

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ የጤና ባለሙያዎች፣

በዚህ በደብረ ብርሃን ጉባኤያችን ላነሣው የመረጥሁት ጉዳይ እምብዛም የማይደርስ፣ ሲደርስ ግን የሕፃንን ጣት፣ አንዳንዴም ክንዱን የሚያሳጣ አደጋ ነው፤ ይኸውም በደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር) ሊሰጥ የታዘዘ መድኃኒት ሳይታወቅ በደም ቅዳ (ደምን ከልብ በሚያወጣው ሥር) መሰጠቱ ነው።

በክርን እጥፋት ላይ ትልቁ ደም ቅዳ ከደም መልሱ ሥር ተጠግቶ ያልፋል፤ በሕፃን ክንድ ደግሞ የሚለያያቸው በጣም ጥቂት ነው። በደም መልስ የገባ መድኃኒት ወደ ልብ እየሄደ ከብዙ ደም ጋር ይቀላቀላል፤ በደም ቅዳ የገባው ግን እንደ ተሰጠ በቀጥታ ወደ ጣቶቹ ጥቃቅን ሥሮች ይወርዳል፣ ሥሮቹ ይኮማተራሉ፣ ደሙ ይረጋል። ዲያዜፓምና ፒኤቹ 12 ገደማ የሆነው፣ ማለትም እጅግ አልካላይን የሆነው፣ ፌኒቶይን በተለይ ያሰጉኛል፤ ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው ለሚያንቀጠቅጠው ልጅ ነውና፣ እሱም «አቃጠለኝ» ሊለን አይችልም።

ደማቅ ቀይ ደም እየዘለለ ከወጣ ደም ቅዳ መወጋቱን ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን የደም ግፊቱ በወረደ ሕፃን ደሙ ጠቆር ብሎ ዝም ብሎ ሊፈስ ስለሚችል፣ በዚህ ምልክት ብቻ መተማመን አይገባም። የአገራችን ብርድም ያሳስታል። ከመንዝ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣ ልጅ እጁ ቀድሞውኑ ቀዝቅዞ ስለሚገረጣ፣ ካኑላው (በሥሩ ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) የገባበትን እጅ ከሌላኛው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት የግድ ነው። ቱርኒኬት (የክንድ ማሰሪያ) ሳይታሰር በፊት በሚወጋው ቦታ የደም ቅዳ ትርታ መኖሩ በጣት ይዳሰስ፤ ከመድኃኒቱም በፊት ጥቂት ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ተሰጥቶ ጣቶቹ ይታዩ። የሳላይኑ ከረጢት ከፍ ብሎ ተሰቅሎ እያለ ደም በቱቦው ወደ ላይ ከወጣ መድኃኒቱ አይሰጥ።

ጥርጣሬ ከገባን መድኃኒቱን ወዲያው እናቁም፣ ካኑላውን ግን አንንቀል። ብዙዎቻችን በድንጋጤ የምንነቅለው ይህ ካኑላ ሐኪሙ ማከሚያ መድኃኒት የሚሰጥበት መንገድ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳላይን በዝግታ ይቀጥል፣ ክንዱ ከፍ ይበል፣ ሕመም ማስታገሻ ይሰጠው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ይሰጥ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከገጠር ጤና ጣቢያ የምትልኩ ወገኖቼ፣ ልጁ ሳይነሣ ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውሉ፤ በሪፈር ወረቀቱም ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ሰዓት ጻፉልን።