ደረጃህ ስንት ነው? ሲሉኝ ዋሸሁ

እንዴት ናችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከኋላ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቧንቧ አይደለም። የልጄ የስኪ ቦት ነው። ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው በረዶው እየቀለጠ ነው። የዛሬው ወሬዬም ስለዚሁ ነው።

እኔ ስኪ፣ ማለትም ረጃጅም ሰሌዳ እግር ላይ አስሮ በበረዶ ቁልቁለት መንሸራተት፣ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ዴንቨር ከመጣሁ 12 ዓመት ሙሉ ተራሮቹን የማያቸው በመኪና መስኮት ነበር። እዚህ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን እንደዛው ነን መሰለኝ። ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ ክትፎ ቤቱን እናውቃለን፣ ቤተ ክርስቲያኑን እናውቃለን፣ ሥራ ቦታችንን እናውቃለን፣ ተራራው ግን የፈረንጅ ነው። ዋጋውም አይቀመስም፣ እሱን አልክድም። ከዛ ልጄ በ7 ዓመቷ ከጓደኛዋ ቤተሰብ ጋር ሄዳ መጣችና እራት ላይ «አባዬ፣ አንተ ለምን አትችልም?» አለችኝ። ለምን አትሄድም አላለችም። ለምን አትችልም ነው ያለችው። በቃ፣ አለቀልኝ።

እናቴ ጋ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «ቁልቁለት ለመውረድ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኛ አገር እንጦጦ ላይ ሰው ወደ ላይ ነው የሚሮጠው፣ ያውም በነፃ።

እና ስኪ ምን አለው መሰላችሁ፣ ገና በረዶውን ሳትረግጡ ደረጃችሁን ይጠይቋችኋል። ዕቃ የሚያከራዩበት ቤት ገብታችሁ ፎርም ትሞላላችሁ፦ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የጫማ ቁጥር፣ ከዛ ደግሞ 1፣ 2 ወይስ 3 የሚል። 1 ጥንቃቄ የሚወድ፣ ቀስ የሚል ሰው ነው። 3 ፈጣንና ደፋር ነው። 2 መሃል ላይ ነው። ከፊቴ የነበረው ልጅ 3 ላይ ምልክት ሲያደርግ አየሁት። እኔ በሕይወቴ ስኪ ነክቼ አላውቅም፣ ግን 1 ማለት አፈርኩና 2 ላይ አደረግኩ። ማን እንደሚያየኝ እንጃ! ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

በኋላ ነው ያ ቁጥር ለምን እንደሆነ የገባኝ። ቦቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መቆንጠጫ ስትወድቁ እንዲለቃችሁ ተደርጎ የተሠራ ነው። በስንት ኃይል ሲጎተት ይልቀቅ የሚለውን ሠራተኛው በካቻቢቴ የሚያስተካክለው እናንተ ፎርሙ ላይ ባላችሁት መሠረት ነው። 1 ካላችሁ ቶሎ ይለቃል። ከፍ አድርጋችሁ ከዋሻችሁ ጨብጦ ይይዛችኋል፤ እናንተ ትዞራላችሁ፣ ስኪው አይዞርም፣ መሃል ላይ ያለው ጉልበታችሁ ነው። እኔን እግዜር አተረፈኝ።

የመጀመሪያው ቀን ብዙ አያስወራም። ልጆች የሚማሩባት ትንሽ ሜዳ አለች፣ ቁልቁለት ለማለትም ይከብዳል። ወደ ላይ የሚወስዳችሁ ኤርፖርት ውስጥ እንዳለው ዓይነት የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ነው፣ ቆማችሁበት ትወጣላችሁ። ለማቆም የሚያስተምሯችሁ ፒዛ ነው። የስኪዎቹን አፍንጫ ታገናኛላችሁ፣ ተረከዙን ወደ ውጭ ትገፋላችሁ፣ ቅርጹ የተቆረጠ ፒዛ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀጥ ስታደርጓቸው ደግሞ ድንች ጥብስ ይባላል፣ ያ መሄጃ ነው። 41 ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ሪዝ ያለው፣ የአራት ዓመት ሕፃናት መሃል ቆሞ፣ ልጁ ከታች «አባዬ ፒዛ! ፒዛ! ፒዛ!» እያለች ስትጮህበት አስቡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል አይደል? እኔ እንቁላሉ ሲንከባለል ነው ያየሁት።

ሊፍቱን፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው የሚያወጣውን ወንበር፣ ልዝለለው ብዬ ነበር፣ ግን አልችልም። ወንበሩ ከኋላችሁ መጥቶ ያፍሳችኋል፣ እሱ ቀላል ነው። ችግሩ መውረዱ ነው። ላይ ስትደርሱ ወንበሩ አይቆምም። የስኪውን አፍንጫ ቀና አድርጋችሁ፣ ብድግ ብላችሁ፣ ተንሸራትታችሁ ከመንገዱ ዞር ማለት አለባችሁ። እኔ ብድግ አልኩ፣ ዞር ማለቱን ግን ረሳሁት። ወደቅኩ፣ ሠራተኛው ሊፍቱን አቆመው፣ ያ ሁሉ ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እኔ እስክነሳ ጠበቀ። ዝምታው፣ ዝምታው ነው የሚገድለው።

ከዛ አረንጓዴው መጣ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ መውረጃ መግቢያው ላይ ምልክት አለው፦ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ፣ ሁለት ጥቁር አልማዝ ደግሞ «ኑዛዜህን ጽፈሃል ወይ» ማለት ነው። አረንጓዴ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት ቆየሁ፣ ደስም አለኝ። ኪስቶን የሚባለው ቦታ ከተራራው ጫፍ የሚነሳ 5 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አረንጓዴ መንገድ አለ። ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ጥድ በጥድ የሆነ። እሱን ሳልወድቅ የወረድኩ ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ታዲያ ስኪ እችላለሁ ማለት ጀመርኩ። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ሰው አላምን ሲለኝ የሮቤል ተክለማርያምን ስም እጠራ ነበር። እንደ ፈረንጆች በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር የእሱ ውድድር ሌላ መሆኑን ነው። የእሱ አገር አቋራጭ ነው፣ ተረከዙ ከስኪው ይለቀቃል፣ ዳገቱንም ሜዳውንም በራሱ ሳንባ ነው የሚሄደው። የኛ ተረከዝ የታሰረ ነው። ሊፍት ያወጣናል፣ ምድር ትስበናለች።

በሁለተኛው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከሙኒክ መጣ። ልጅ ሆኖ ነው የሄደው፣ ስኪ እዛ ተምሯል፣ ጎበዝ ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ ኢንተርስቴት 70 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከመላው ዴንቨር ጋር ተሰልፈን፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፈን ደረስን። እንጦጦ 3,200 አካባቢ ነው፣ እኛ መኪና ያቆምነው ከእንጦጦ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ነው። ሊፍቱ ላይ ሆነን «ደረጃህ ስንት ነው?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ደህና ነኝ! ላይ ስንደርስ ምልክቱን አየና «ሰማያዊ ነው ባክህ፣ ቀላል ነው፣ ና» ብሎ ጠፋ።

ልብ አላልንም እንጂ ጀርመንና ኦስትሪያ ሰማያዊ ማለት ቀላሉ ነው። ከሰማያዊ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዛ ጥቁር ነው። እዚህ ግን ሰማያዊ መካከለኛ ነው። በዛ ላይ ቀለሙን የሚሰጠው ያው ተራራውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ ነው፣ የራሱን መንገዶች እርስ በርስ አወዳድሮ። አንዱ ጋ ሰማያዊ የተባለው ሌላው ጋ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ይሄን ሁሉ አሁን ነው የማወራው። ያኔ የማየው የአክስቴ ልጅ ቀይ ጃኬት ታች ነጥብ ሲያክል ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ መንገዱን ጥላ ይዞታል። እኛ በአማርኛ በረዶ እንላለን፣ ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። ስኪ ላይ ግን ልዩነቱን እግራችሁ ያስተምራችኋል። ጠዋት ለስላሳ የነበረው ብዙ ሰው ጠርጎት፣ ተጨፍልቆ፣ ከሰዓት ላይ እንደ መስታወት ሆኗል። ፒዛዬን ሠራሁ። አልያዘም። እግሬን የባሰ ከፈትኩ። ጭራሽ ፈጠነ። ከዛ ሰውነቴ ያወቀውን አደረገ፣ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ ስንከርም ወደ ወንዝ የሚወርድ ገደላ ገደል መንገድ ነበር። ጀሪካን ይዘን ስንወርድ ትልልቆቹ «ተረከዝህን ትከል፣ ወደ ኋላ በል» ይሉን ነበር። ቁልቁለት የሚወረደው እንደዛ ነው፣ ይሄ አጥንቴ ውስጥ አለ። ስኪ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ወደ ኋላ ስትሉ ክብደታችሁ ጭራው ላይ ያርፋል፣ አፍንጫው ይቀልላል፣ መሪው ተነቀለ ማለት ነው። መዞር አትችሉም፣ ማቆም አትችሉም። ለመትረፍ ቅልጥማችሁ የቦቱን ምላስ እስኪጫን ድረስ ወደ ፊት፣ ወደዛ ወደምትፈሩት ገደል ዘንበል ማለት አለባችሁ። ይሄን ለሰውነት በቃል አታስረዱትም።

ወደቅኩ። አንዱ ስኪ ለቀቀ፣ ተመስገን። ያኔ ፎርሙ ላይ 1 ብዬ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያቺን ተምሬያለሁ። የለቀቀው ስኪ ግን ከእኔ በላይ ቀርቷል። አንዲት የማላውቃት ሴት ይዛልኝ ወረደች። ልግጥመው ስል አይገባም። እጫነዋለሁ፣ ይንሸራተታል። ሴትዮዋ በእጇ በያዘችው የስኪ ዘንግ ጫፍ የቦቴን ሶል አሳየችኝ። ተረከዙ ሥር ጡብ የሚያህል በረዶ ተጋግሯል። እሱን ፋቅኩ። ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ ጋር ሳይሆን በአግድም አስቀመጠችልኝ፣ መጀመሪያ የታችኛውን እግር፣ ቀጥሎ የላይኛውን። ቋ! አለ። ያቺን «ቋ» አልረሳትም።

ከዛስ እንዴት ወረድኩ? እሷ ነች ያሳየችኝ። ሁለቱን ስኪ አግድም አድርጋችሁ፣ የላይኛውን ጠርዝ በረዶው ውስጥ ነክሳችሁ ትቆማላችሁ። ቁርጭምጭሚታችሁን ትንሽ ስታላሉት ጠርዙ ይለቃል፣ በጎናችሁ ሸርተት ትላላችሁ። ስትነክሱ ትቆማላችሁ። ልቀቅ፣ ንከስ፣ ልቀቅ፣ ንከስ። ውበት የለውም፣ ግን የትኛውንም ቁልቁለት ማለት ይቻላል በዚህ መውረድ ይቻላል። ለምን በመጀመሪያው ቀን እንደማያስተምሩት አይገባኝም። ፒዛ ፒዛ ይሉናል፣ ፒዛ ገደል ላይ ምን ያደርጋል?

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ገባሁ። ለተማሪ ከ1 እስከ 9 ደረጃ አላቸው። አስተማሪው ሲጠይቀኝ «ሰማያዊ ወርጃለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «ሰማያዊ ላይ ወድቄያለሁ» አልኩት። ሳቀና ወደዛችው አረንጓዴ መለሰኝ። ሙሉ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ግራ ለመዞር የቀኝ እግርህን አውራ ጣት ተጫን፣ ወደ ቀኝ ለመዞር የግራውን። ሁሌ የውጭው እግር ነው የሚሸከመው። የምታውቁት ቀላል መንገድ ላይ ስለሆናችሁ አትፈሩም፣ ስለማትፈሩ ወደ ፊት ዘንበል ትላላችሁ፣ ክብደቱ ውጭው ላይ ሲሆን የውስጠኛው እግር ሥራ ያጣና ሳታዙት ተጠግቶ ጎን ለጎን ይሆናል። ፒዛዬ ድንች ጥብስ የሆነው እንደዛ ነው። አንድ ዙር ላይ። ቀጣዩ ዙር ላይ ተመልሶ ፒዛ ሆነ፣ ግን እግሬ ሰምቶታል።

ዘንድሮ ሰማያዊ እወርዳለሁ፣ ሁሉንም አይደለም። ጠዋት አዎ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲመጣ ወደ አረንጓዴ እመለሳለሁ፣ እግሬ ሲደክም ፒዛ እሠራለሁ፣ ማንም ይይ። ልጄ አሁን 9 ዓመቷ ነው፣ ከእኔ አልፋ ሄዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ፎርሙን ስሞላ በትከሻዬ በኩል አየችና «አባዬ፣ አንተ እኮ 2 ነህ» አለችኝ። 1ዋን አልሰረዝኩም። እሷ ደግሞ 3 ልትል እስክሪብቶውን ስታነሳ ተያየን። 2 አለች፣ እያጉረመረመች።

እሺ፣ በቃኝ። ነገም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የምንነሳው፣ የአንድ እጅ ጓንቷ ደግሞ ጠፍቷል፣ ሳትተኛ ልጠይቃት። ቻው፣ ሰላም እደሩ።