ወተት የማይከለክል ጾም፦ ስለ ቴሉጉ ሂንዱዎች በዓላትና የጾም ቀናት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችንን ያጨናነቀው የሕንዶቹ ጾም ነው። ከአንድራ ፕራዴሽና ከቴላንጋና የመጡ ቴሉጉ ተናጋሪ ሂንዱዎች በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በአሜሪካም ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ፣ አብዛኛው ጥያቄ የመጣው አብሯቸው ከሚኖር ሰው ነው። መልሱን የሰጡት በቪሳካፓትናም ተምረው የተመለሱ መምህር ናቸው።

ከሻርጃ የደወለች አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር የሃይደራባድ ሴት አለች። አንድ ቀን «ዛሬ ጾም ነኝ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ሽሮ በእንጀራ ይዤላት ሄድኩ። በእጇም አልነካችው። ትንሽ ቆይታ ግን ወተት አፍልታ ስትጠጣ አየኋት። በጾም ወተት? ወይስ ምግቤን ተጸይፋ ነው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አልተጸየፈችሽም። ያ ቀን ኤካዳሲ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ጾም ሥጋና ወተትን ይከለክላል፣ እህሉን ይፈቅዳል። የኤካዳሲ ጾም ግን የሚከለክለው እህሉን ነው። ሩዝ የለም፣ ስንዴ የለም፣ ምስርና ሽምብራ የለም። ጤፍም እህል ነው። ሽሮው ላይ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ብዙ ቤት በጾም ቀን አይነካቸውም። እንግዲህ ካቀረብሽላት ሳህን ውስጥ ለእሷ የሚሆን ምን ቀረ? ከበርበሬው በቀር እኔ አይታየኝም። ወተትና እርጎ ግን ንጹሕ ምግብ ናቸው፤ ሙዝ፣ ኦቾሎኒና የተቀቀለ ድንችም ይበላል።

ኤካዳሲ ከጨረቃ መወለድ 11ኛው፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላም እንደገና 11ኛው ቀን ነው፤ በዓመት 24 ይሆናል። ቪሽኑ የሚባለው አምላካቸው ቀን ነው። ሁሉንም የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው። ሁለቱን ታላላቆች ግን ሌላ ጊዜ ብዙም የማይጾመው ሰው እንኳ አያልፋቸውም፦ በክረምቱ መግቢያ የሚውለውን ቶሊ ኤካዳሲንና በታኅሣሥ ወይም በጥር መባቻ የሚውለውን ሙክኮቲ ኤካዳሲን። በሙክኮቲ ዕለት የቪሽኑ ቤተ መቅደሶች የሰሜን በር ስለሚከፈት ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል፤ በቲሩማላው ቤተ መቅደስ ያለውን ግፊያ ያየ አይረሳውም።

ልክ መጠኑም እንደ ሰዉ አቅምና ስእለት ነው። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል አለ፣ ፍራፍሬና ወተት የሚወስድ አለ፣ በቀን አንዴ ብቻ የሚበላም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቬንካቴስዋራ፣ ማለት ለቲሩማላው ቪሽኑ፣ ብለው ማታ ሩዝ የሚተዉ ቤቶች ብዙ ናቸው። እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የካርቲካም ወር ሰኞ ነው። ይህ ወር በእኛ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ሲቫ የሚባለው ሌላው ታላቅ አምላካቸው ወር ነው። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው መብራት ያበራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይጾማሉ፣ ማታ ሰገነት ላይ ወጥተው ኮከብ ካላዩ እህል አይቀምሱም። በወሩ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ 365 ክር በአንድ ላይ ታስሮ በቅቤ ተነክሮ ይለኮሳል፣ ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ አንድ ክር መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ መብራት ያስታጎለ ሰው በዚያች ማታ ይክሳል ይባላል።

ለጎረቤትሽ ሌላ ጊዜ ሙዝ ይዘሽላት ሂጂ።

ከዳላስ የደወሉ አድማጭ፦ የሥራ ባልደረባዬ ኤካዳሲን ሐሙስ ጾመች፣ ሕንድ አገር ቪጃያዋዳ ከተማ ያለችው እህቷ ዓርብ ጾመች። ሁለቱም የራሴ ቀን ልክ ነው ይላሉ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ፓንቻንጋም የሚባለው መቁጠሪያቸው የጨረቃን ቀን የሚለካው በሰዓት አይደለም። ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ «ቲቲ» ያልቃል፤ በወር 30 ቲቲ አለ። የጨረቃ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ አንዱ ቲቲ በ20 ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ሌላው ከ26 ሰዓት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ቲቲ በቀትርም በእኩለ ሌሊትም ሊለወጥ ይችላል። ቀኑ በየትኛው ይጠራ? ፀሐይ ስትወጣ በነበረው ነው። ቲቲው ለዓለም ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይለወጣል፣ ፀሐይ ግን ዳላስና ቪጃያዋዳ እኩል አትወጣም። አሜሪካ ያሉ ቤተ መቅደሶች የራሳቸውን መቁጠሪያ የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው።

ሁሉም በዓል በፀሐይ መውጫ አይወሰንም። የሲቫ ሌሊት የሆነው ሲቫራትሪ የሚታየው እኩለ ሌሊት ላይ ባለው ቲቲ ነው፣ የመብራት በዓሉ ዲፓቫሊ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው፣ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው በዓል ቪናያካ ቻቪቲ በቀትር ባለው። አንዳንዴም ቲቲው ከፀሐይ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። የ2018 ዓ.ም ኡጋዲን፣ ማለት አዲስ ዓመታቸውን፣ ይመልከቱ፦ የጨረቃዋ የመጀመሪያ ቀን መጋቢት 10 ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምራ በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ አለቀች። ከሁለት ፀሐይ መውጫዎች መካከል ስለገባች በዓሉ እዚያው መጋቢት 10 ዋለ።

ይህም ሆኖ በአንድ ከተማ ሁለት መቁጠሪያ ሊለያይ ይችላል። አንዱ አሳታሚ በጥንቱ ስሌት ይሄዳል፣ ሌላው በዘመናዊ የሥነ ፈለክ ስሌት። ከሌላ ቤት ጋር ከመከራከር የቤተሰብን ካህን መጠየቅ ይሻላል።

ከደብረ ማርቆስ የደወለ ዲያቆን፦ መምህር፣ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። የእነሱም በዓል እንደ ረመዳን ወቅቱን እየለቀቀ ይዞራል?

መልስ፦ ጥሩ አነሣኸው፣ አንተ 11ዱን ከአበቅቴ ታውቀዋለህ። አይዞርም። ኡጋዲ በ2016 ሚያዝያ 1፣ በ2017 መጋቢት 21፣ በ2018 መጋቢት 10 ዋለ። ወደ ኋላ ሲሸሽ አየኸው? እንዲሁ ቢቀጥል ክረምት ይገባ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ በሆነ ጊዜ አንዴ ግን 13ኛ ወር ይጨመራል፤ አዲካ ማሳም ይሉታል። በባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመራችን 19 ዓመት ነው፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተቀምጦልናል። እነሱ ግን የሚያዩት ሰማዩን ነው፦ ከአንዱ ሠርቀ ጨረቃ እስከ ሌላው ፀሐይ ወደ አዲስ ኮከብ ካልገባች ያ ወር ትርፍ ነው። በ2018 ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ያለው ጄሽታም የሚባለው ወር ትርፉ ነው፤ እውነተኛው ጄሽታም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በትርፉ ወር ሠርግ የለም፣ ቤት አይመረቅም፣ በዓላቱም ወደ እውነተኛው ወር ይሸጋገራሉ። ምጽዋትና ጸሎት ግን ይበዛል፤ በዚያ ዓመት ኤካዳሲውም 26 ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በጽሑፍ የደረሰን፦ አንዱ ሕንዳዊ ሲቫራትሪ በማጋም ወር ነው ይላል፣ የዴልሂው በፋልጉናም ይላል።

መልስ፦ ሌሊቱ አንድ ነው፣ በ2018 የካቲት 8 ነበር። ቴሉጉዎች ወሩን ከጨረቃ መወለድ ይጀምራሉ፣ ሰሜኖቹ ከሙሉ ጨረቃ ማግስት። ስለዚህ ጨረቃ በምታንስበት ግማሽ የወሩ ስም ይለያያል። ያን ሌሊት በስሪሳይላምና በስሪካላሃስቲ የሲቫ ቤተ መቅደሶች ሕዝቡ እየጾመ ያድራል፣ አይተኛም።

ከሐዋሳ የደወሉ እናት፦ የልጄ አስተማሪ የነበሩ ሕንዳዊ በ60 ዓመታቸው ከገዛ ሚስታቸው ጋር እንደገና ተጋቡ አሉ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እማማ። እኛ ዓመታቱን ለአራቱ ወንጌላውያን እንደምንሰጥ፣ እነሱ ደግሞ 60 የዓመት ስሞች አሏቸው። በ2018 መጋቢት የገባው ፓራባቫ ነው። 60 የሞላው ሰው የተወለደበትን ዓመት ስም ዳግም ያገኛል፤ ስለዚህ ልጆቹ ተሰብስበው ሁለቱን ዳግም ይድሯቸዋል። አዲሱ ዓመት ሲገባ ካህኑ በቤተ መቅደስ የዓመቱን ዝናብና የየኮከቡን ገቢና ወጪ ያነባል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከምግብ በፊት ኡጋዲ ፓቻዲ ይቀመሳል፦ የኒም አበባ፣ ያልበሰለ ማንጎ፣ ሮቃ፣ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር፣ ጨውና በርበሬ ተደባልቆ። የኒሙ ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ልጆቹ ስኳሩን ለቅመው ሊያመልጡ ሲሞክሩ አያቶቹ ይይዟቸዋል።

ከጅዳ በጽሑፍ የደረሰን፦ ሳንክራንቲ የሚባለው በዓላቸው ግን ሁልጊዜ ጥር 6 ወይም 7 ነው። ለምን አይሸሽም?

መልስ፦ እሱ የጨረቃ በዓል አይደለም። ፀሐይ ማካራ ወደሚባለው ኮከብ የምትገባበት ቀን ስለሆነ ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። በዋዜማው በቦጊ ማለዳ አሮጌ ዕቃ ይቃጠላል፣ በዋናው ቀን ደጁ በሩዝ ዱቄት ሥዕል ያሸበርቃል፣ በሦስተኛው ቀን በካኑማ የሚታጠቡትና ቀንዳቸው የሚቀባው ከብቶቹ ናቸው።