ከጉሮሮ እስከ ልብ፦ በጎንደር ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች፤

ወደ ጎሐ የሚያወጣውን ዳገት በእግሩ የወጣ ሁሉ የልቡን ድለቃ ያውቀዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል፤ ጤነኛ ሰው ግን ጥቂት ዐረፍ ሲል ድካሙ ይለቀዋል። ዛሬ የምናገረው ዐርፎም ስለማይለቀው ልጅ፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን ስለሚጎዳው ሩማቲክ ስለሚባል የልብ በሽታ ነው።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ሲሆን፣ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ቀኙ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ወገን ደግሞ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን በደም ቅዳ ቧንቧዎች ለመላው አካል ያዳርሳል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ፣ ቫልቭ የምንላቸው አራት በሮች አሉ። ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ ስስ ናቸው። በማዳመጫ የምንሰማው «ዱብ-ዱብ» እነርሱ ሲዘጉ የሚወጣው ድምፅ ነው።

በዚሁ ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይዘዋወራሉ። ከፊሎቹ ጀርሙን ይውጡታል፤ ከፊሎቹ መልኩን አጥንተው ለእርሱ ብቻ የሚስማማ አንቲቦዲ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ሲገባ ነው፤ በላዩ ያለው ፕሮቲን የልብን ሥጋ ስለሚመስል፣ ዘበኛው ሌባውን ሲያሳድድ የቤቱን ልጅ ይመታል።

ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ያተኩሰዋል፤ ቁርጥማቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን ይዛወራል። «ኳስ ሲጫወት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቁርጥማቱ ያለ ጠባሳ ይሄዳል፤ ልብ ላይ ያረፈው ግን ይቀራል። በሩ ይጠባል፣ ወይም ገጥሞ መዘጋት ያቅተዋል፤ በ«ዱብ-ዱብ» መካከልም «ሽው» የሚል ድምፅ ይገባል። አንዳንዷ ልጅ ይህን ይዛ አድጋ፣ አግብታ፣ የደሟ መጠን በሚጨምርበት በእርግዝናዋ ወራት ትንፋሽ ሲያጥራት ገና ይታወቃል።

ጉሮሮው ለታመመ ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያወጣውም፤ መድማትንና ሌላ ቁስለትን ይጨምራል እንጂ። እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ ተቆርጫለሁ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳል ሳይኖረው ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ያተርፋል። አንድ ጊዜ በዚህ በሽታ የተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ያምማል፤ ልጁም እናቱም የሚሸሹት ለዚህ ነው። መምህራን ሆይ፣ በመርፌው ቀን የቀረውን ልጅ እባካችሁ አትቅጡት።

ማዳመጫዬን ይዤ መጥቻለሁ። ይህ ጉባኤ ሲበተን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ በሌሊት እየተነሣ ትራስ ደርቦ የሚተኛ፣ ወይም ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ያቃተው ልጅ ያላችሁ፣ አስቀድማችሁ አምጡልኝ።