ለጉዞ የትኛውን ሌንስ ልያዝ?

ደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ ወጣት ፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ ንግግር

ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመንዝ በሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ሌንስ እንዳወራ ነው የተጠየቅሁት። የትም ብሄድ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ለጉዞ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «እስካሁን ምን ስታነሱ ቆያችሁ?»

ፎቶዎቻችሁን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ እያንዳንዱ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ካለፈው ዓመት ፎቶ ውስጥ ከልባችሁ የወደዳችኋቸውን 50 ምረጡ። ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣውን ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ ሰፋ አድርጋችሁ ማየት ትወዳላችሁ። 55 ላይ ከተከማቸ ደግሞ ሌንሱ አጥሯችኋል፣ እጃችሁ ወደፊት መሄድ ፈልጎ መጨረሻው ላይ ቆሟል። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይህ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ላስረዳና ልለፍ። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው የውስጥ ክፍሉ፣ አነስ ያለ ካሜራ ነው። ትልቅ ሴንሰር ካለው ካሜራ ጋር ለማነጻጸር በኒኮንና በሶኒ የሌንሱን ሚሊሜትር በ1.5፣ በካኖን በ1.6 አባዙት። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በእናንተ ካሜራ ላይ የሚያሳየው እንደ 75 ወይም እንደ 80 ነው። ሌላ ሰው ሲያወድሰው የሰማችሁት ሌንስ እናንተ ጋ ሲደርስ ጠበብ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

ጣርማበር አጠገብ ያለውን የገደል አፋፍ፣ የምኒልክ መስኮትን፣ የማያውቅ እዚህ የለም። መጀመሪያ ካሜራ ይዤ የሄድኩ ቀን ሰፊ ሌንስ ብቻ ነበር የያዝኩት። ገደሉን፣ ሰማዩን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስገባለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ቤት ስመለስ ፎቶው ላይ ያ የሚያስፈራ ጥልቀት የለም። ተራሮቹ እንደ ጉብታ አንሰዋል። ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ ግን ግዙፍ ሆኗል። በጣም አዘንኩ።

ሰፊ ሌንስ ስራው እንደዚህ ነው። ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ሚሊሜትሩ ትልቅ የሆነው ረጅም ሌንስ ደግሞ ከሩቁ ተራራ ላይ ቆርጦ ያሳያችኋል፣ ተራራው በተራራ ላይ የተደረበ ያስመስለዋል። ጠዋት ጉሙ ከቆላው በኩል ሲወጣ፣ ጣርማበር ላይ ቆማችሁ በ100 ወይም በ200 ሚሊሜትር አንዱን ሸንተረር ብቻ ያዙ። ጉሙ፣ ሸንተረሩ፣ ከኋላው ሌላ ሸንተረር። አይናችሁ ያየው ያኔ ነው ፎቶው ላይ የሚመጣው። ሰው ሁሉ «ለመልክዓ ምድር ሰፊ ሌንስ» ይላል። ለሜዳ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ገደል ግን በዚህ አልስማማም።

ለጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ትልቅ ሌንስ ተሸክሞ ይመጣል። ግን ጭላዳ ሳር በሊታ ነው። ቀኑን ተቀምጦ እየነጨ ይውላል ማለት ይቻላል። ዝም ብላችሁ ራቅ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ እየጋጠ ራሱ ወደ እናንተ ይቀርባል። ያኔ በ300 ካነሳችሁት ፊቱ ብቻ ይቀራል። ፊቱን ብቻ ያሳየ ፎቶ መካነ አራዊትም ውስጥ ሊነሳ ይችላል። በ35 ብታነሱት ግን ገደሉ፣ ሳሩና ሰማዩ አብረውት ይገባሉ። የት እንደሚኖር ይታያል። አትመግቡት፣ አታባርሩት፣ ይኸው ነው።

ረጅሙ ሌንስ የሚያስፈልገው ለቀይ ቀበሮ ነው። ቀበሮው የሚኖርበት የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ቀበሮው አይጥ ሲያድን ሩቅ ነው የምታዩት። ከ70 እስከ 300 የሚሄድ ዙም ለመጀመሪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ክብደቱም ዋጋውም ከባድ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ብቻ ሂዱ።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደረስኩ። ሰው።

መንዝ ውስጥ አንዲት እናት የበግ ጸጉር ሲፈትሉ አይቻለሁ። ቤቱ ጨለማ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ አለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ ቀዳዳው በጣም ሲከፈት 3.5 ነው፣ ዙም ስታደርጉ ደግሞ 5.6 ይሆናል። 1.8 ድረስ የሚከፈት ትንሽ ሌንስ ከ3.5 ጋር ሲነጻጸር ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያ ማለት ፍላሽ አታበሩም ማለት ነው። የእናታችን አይን ላይ መብረቅ አትለቁም። የበሩ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ እንዳረፈ ይቀራል።

50 ወይስ 35? ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ 35ን ውሰዱ። ጠባብ ቤት ውስጥ በ50 ስታነሱ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፣ ሰውየው ግን አሁንም አልገባም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ይህ ትንሽ ሌንስ ዙም ስለሌለው ወደ ሰው መቅረብ ግድ ነው። ስትቀርቡ ደግሞ ሰላም ማለት ግድ ነው። «እንዴት ዋሉ እማማ» ይባላል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እምቢ ካሉ ካሜራው ወደ ቦርሳው ይመለሳል። ከመንገድ ማዶ በ300 የተሰረቀ ፊት ይታወቃል። ሰውየው እኛን አላየንም፣ እኛም አላወቅነውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲሁ አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ።

ስለዚህ ለእናንተ የምመርጠው ይህን ነው። ያላችሁን 18–55 አትሽጡት። 35 ሚሊሜትር በ1.8 ጨምሩ። ገንዘብ ሲገኝ ረጅም ዙም ይከተል። ያገለገለ ስትገዙ በስልካችሁ መብራት ሌንሱን አሻግራችሁ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ መልሱት።

ብርዱን ደግሞ አትርሱ። ውጭ ውርጭ ላይ ውላችሁ እሳት ያለበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላይ ላብ ይመጣል። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ አስቀምጡት፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል፣ ትርፉን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ንፋስ ላይ ሌንስ መቀየር ካለባችሁ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደታች አድርጉ።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ እንገናኝ። ወደ ገበያው አብረን እንሄዳለን። ሁላችሁም አንድ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ኑ። ዙም የሆነውን 35 ላይ በፕላስተር እንለጥፈዋለን፣ እስከ ረፋድ ማንም አይነካውም። ፕላስተሩን እኔ አመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።