ባትሪው ከጥርሳችሁ ይውረድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። መብራት ጠፍቶ ፊውዝ የሚቀይር ሰው፣ መኪና ሥር የተኛ መካኒክ፣ የእጅ ባትሪውን የት እንደሚይዘው ታውቃላችሁ፦ በጥርሱ። ምራቁ ይወርዳል፣ አንገቱ ይደነዝዛል። ይህን ሳይ ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው ባትሪውን ራስ ላይ የሚያስር፣ ከአንድ ክንድ ትንሽ የሚያልፍ ላስቲክ ነውና።

ስለ ራስ ላይ ባትሪ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ሜትር ያበራል?" ብሎ ነው። ለእጅ ሥራ ግን ዋናው አታሳሰሩ ነው።

አንድ ደብል ኤ ድንጋይ የሚወስድ ቀጭን ባትሪ ምረጡ። ድንጋዩ 23 ግራም ገደማ ስለሆነ ራስ አይጎትትም። ላስቲኩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ቀጭኑ ግንባር ይቆርጣል፣ ባትሪውም ይወዛወዝበታል። ከቅንድብ በላይ የራሳችሁን ዙሪያ ለኩ። 56 ሴንቲ ሜትር ከመጣ 5 ቀንሱ፣ ለስፌት መደራረቢያ 2 ጨምሩ፣ 53 ላይ ቁረጡ። ከዚህ በላይ ካጠበቃችሁት ራስ ምታት ያመጣል።

ከዚያው ላስቲክ ባትሪው የሚገባበት ሁለት አጭር ማቀፊያ ይሰፋል። አንድ ብቻ ከሆነ ባትሪው እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። ባትሪው ታግሎ መግባት አለበት፤ ቁልቁል ስታራግፉት ከወጣ ላልቷል ማለት ነው። ማብሪያው ጎኑ ላይ ከሆነ ማቀፊያው እንዳይጫነው ተጠንቀቁ።

ቦታው በጆሮና በቅንድብ መሃል ነው። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው በግራ በኩል ይሰር፤ ያኔ የእጁ ጥላ ከሥራው ላይ ይሸሻል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባትሪውን ቀጥ አድርጎ በመስፋት ነው። እጃችሁ ሥር ያለውን ስታዩ ዓይናችሁ ከአንገታችሁ ቀድሞ ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግን ከፊታችሁ ጋር ቀርቶ ከሥራው በላይ ያልፋል። ስለዚህ ከመስፋታችሁ በፊት ማቀፊያውን በስፒል ያዙት፣ ጠረጴዛ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ መርፌ አስቀምጡ፣ ክር እንደምታስገቡ ሆናችሁ እዩት። የብርሃኑ መሃል መርፌው ላይ እስኪያርፍ አዘንብሉት፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ስፉት።

ብርሃኑ ዝቅተኛው ይሁን። ለቅርብ ሥራ ከ30 እስከ 50 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። ሲበዛ ብረቱና ወረቀቱ መልሶ ዓይን ይወጋል፣ ብሌን ይጠብባል፣ ዳር ዳሩም ይጨልምባችኋል።

በደብል ኤው ፋንታ ባለ 3.7 ቮልቱን የሊትየም ድንጋይ ልክ ስለገባ ብቻ አትክተቱ። ለ1.5 ቮልት ብቻ የተሠራው ባትሪ ይቃጠላል፤ የምታስሩት ደግሞ ራስ ቅል ላይ ነው።

ሥራ ሲያበቃ ድንጋዩን አውጡት። አልካላይን ተረስቶ ሲቆይ ያፈሳል፤ ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጥጥ ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጥጥ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ሌላ ድንጋይ የምትከቱት በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው።