ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቀጠሮ፦ አነስተኛ የድረ ገጽ ስቱዲዮ ስለማስተዳደር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ዓመት የየራሳችሁን ስቱዲዮ ለመክፈት የተነሣችሁ ወጣቶች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አዲስ አበባ ውስጥ ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር የምመራው ስቱዲዮ ተጠቃሚው ነክቶ፣ መርጦና ሞልቶ ምላሽ የሚያገኝባቸውን ድረ ገጾች ይሠራል፤ የቀጠሮ መያዣ፣ የምዝገባ ቅጽና የክፍያ ገጽ ዋናዎቹ ናቸው። ስለ ዋጋና ስለ ውል እንድናገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፤ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን የአንዲት እናትን ነገር ልንገራችሁ፤ የስቱዲዮው አሠራር የተለወጠው ከእሳቸው በኋላ ነውና።

ለአንድ የግል ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ሠርተን ባስረከብን በሳምንቱ፣ አገልግሎቱን ለመከታተል እንግዳ መቀበያው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገቡ። የደም ምርመራ ታዞላቸው ስለነበር ከማታው ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ለእንግዳ ተቀባይዋ አሳዩአት። ገጹ ላይ 8 ቁጥር በጉልህ ተጽፏል፤ ከጎኑ በደብዛዛ ግራጫ ቀለም ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ቀጠሮው በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በፊት፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን የሚናገሩት እነዚያ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበሩ። እናትየዋ ያነበቡት ቁጥሩን ነው። «ልጄ፣ እኔ እኮ በሰዓቴ ነው የመጣሁት» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ተራቸው ግን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል፤ ያን ሁሉ ሰዓት የጾሙትም በእኛ ስሕተት ነው።

ዝግጁ የሆነ የቀን መቁጠሪያ ወስደን፣ በራሳችን ስልክ ሞክረን፣ ሁላችንም በቀላሉ ስላነበብነው ጨርሰናል ብለን ነበር። ማስተካከያው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» እና «ማታ» ከሚሉት ቃላት ጋር አሳየን፣ መረጃው በሚከማችበት ኮምፒውተር በሰርቨሩ ላይ ግን በአንድ ወጥ አቆጣጠር እንዲቀመጥ አደረግን። ከዚያ ወዲህ የምናቀርበው ዋጋ ሁሉ የሁለት ቀን የሙከራ ሥራ ይጨምራል፤ በእነዚያ ቀናት ከሙያው ውጭ የሆኑ ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ እኛ ጎናቸው ተቀምጠን፣ አፋችንን ዘግተን እጃቸውን እናያለን። ደንበኛው ዋጋ እንድንቀንስ ሲጠይቅ ከገጾቹ ብዛት እንቀንሳለን፤ ከእነዚያ ሁለት ቀናት ግን አንቀንስም።

እጃቸውን ያየ ሰው ብዙ ይማራል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው አሥራ ሁለት ወር ብቻ በተዘረዘረበት ቅጽ ላይ የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ቦታ ያጣል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲያጋጥመው አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል፤ ስለዚህ ሳጥኖቹን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ በግልጽ መሰየም ይበቃል። የመፈለጊያ ሳጥኑም እንደዚሁ ነው፤ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ድርጅት ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልገው ገጹ «አልተገኘም» ካለው፣ ሰውየው ድርጅቱ የለም ብሎ ይሄዳል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማድረግ ለፕሮግራመሩ ቀላል ሥራ ነው፤ የሚቀረው ማንም ስላላሰበበት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ገብቷል፤ በኮምፒውተር አልጻፍ ማለቱ ድሮ ቀርቷል፣ ከዚህ በኋላ ያለው ጉድለት የእኛ የዲዛይነሮች ነው። ለላቲን በተመጠነ የመስመር ክፍተት አማርኛን አትጻፉ፤ ፊደሉ ይተፋፈጋል፣ አንባቢው ይደክማል።

ክፍያ ላይ ደግሞ ዝምታ አደገኛ ነው። ሰው በቴሌብር ሊከፍል ቁልፉን ነክቶ ኔትወርኩ ቢዘገይና ገጹ ምንም ባይለው ደግሞ ይነካል፣ ሁለት ጊዜ ሊከፍልም ይችላል። ቁልፉ እንደተነካ መቆለፍና «ክፍያዎ በመጣራት ላይ ነው፣ እባክዎ ይጠብቁ» ማለት አለበት። ምላሽ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የሚበር ምስልና የሚሽከረከር ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእነዚያ ያጌጡ ገጾች ስም ያተረፉ ስቱዲዮዎች በዓለም ላይ ብዙ ነበሩ፤ ሥራቸው የቆመበት ፍላሽ የተባለው የተንቀሳቃሽ ምስል ሶፍትዌር በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ ገጾቻቸው አብረው ጠፉ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ያደነቅኋቸውን ዛሬ ላሳያችሁ ብፈልግ በቀላሉ አላገኛቸውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ) እና አንዳንድ የሥራ መሣሪያዎች የሚከፈሉት በዶላር ነው፣ ደንበኛው የሚከፍለን ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዓመት ሆስቲንግ በጥቅል ዋጋ ውስጥ አስገብተን የተዋዋልንባቸው ደንበኞች ነበሩን፤ ቃላችንን ጠብቀን ልዩነቱን ከኪሳችን ከፈልን። ዛሬ ሆስቲንጉ በውሉ ውስጥ ለብቻው ይጻፋል፣ በሚከፈልበት ቀን ምንዛሪ ይሰላል፣ የሚቻል ከሆነም ደንበኛው በራሱ ስም ይገዛዋል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ገቢ ይቀንሳል፤ ግን የድርጅቱ ዶሜን (የድረ ገጹ አድራሻ) እና መረጃው በእጁ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። የዶሜኑን የይለፍ ቃል ይዞ ደንበኛን ማስገደድ በሙያችን ውስጥ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናንተ እንዳታደርጉት በብርቱ እለምናችኋለሁ።

ክፍያውን በሦስት እንከፍለዋለን፦ ቅድመ ክፍያ፣ ከሁለቱ የሙከራ ቀናት በፊት አንድ፣ ሲረከቡ አንድ። መካከለኛው ከሙከራው በፊት የሆነበት ምክንያት፣ በሙከራው የሚገኘውን ስሕተት ለማረም የደመወዝ ገንዘብ በእጃችን እንዲኖር ነው። ከርክክብ በኋላ ያለው የሦስት ወር ጥገናም በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

የውላችንን ቅጂ፣ የቀንና የሰዓት መለወጫውን ኮድ፣ እንዲሁም የሞክሼ ፊደላቱን ዝርዝር በፍላሽ ዲስክ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሰዱት፣ እንደሚመቻችሁ ቀይሩት፤ ስሕተት ካገኛችሁበት ግን እባካችሁ ንገሩኝ።

አመሰግናለሁ።